ተማሪው በእኩዮቹ ፊት

አንድ ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባቱ ወይም መቅረቱ በማን ምክርና በማን ፈቃድ እንደ ተወሰነ ወላጁን ብትጠይቁት «በእኔ» ይላል፤ መምህሩም የትምህርት ቤቱ ትጋት ያመጣው እንደ ሆነ ያስረዳችኋል፤ ልጁ ራሱ ደግሞ፥ የዕድሜው ኩራት ስላለበት፥ ማንም ሳይነግረው በገዛ ልቡናው አስቦ እንደ መረጠ በድፍረት ይመልሳል። ሦስቱም እንደየመጠናቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ሦስቱም ሳያነሡት የቀረ፥ ስሙ በቅጽ ላይ የማይሞላ፥ ፊርማውም የማይጠየቅ አንድ አራተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ከልጁ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጠው፥ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ አብሮት የሚወጣው፥ ማታም በስልክ የሚፈልገው ጓደኛው ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር ሐዋሳ የተመቸች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቆርቁራ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ የሆነችው ሐዋሳ፥ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ የተከፈተ የእርሻ ኮሌጅ የነበራት፥ ያም ኮሌጅ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፥ ኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተባለባት በመሆንዋ፥ ለልጆችዋ ዩኒቨርሲቲ ማለት በየጠዋቱ በባጃጅ ተቀምጠው አጥሩን እያዩ የሚያልፉት ግቢ ነው። እንግዲህ የልጅ ልብ በቅርበት ብቻ የሚሳብ ቢሆን ኖሮ፥ የታቦር ወይም የአዲስ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ያን ግቢ እንደ አባቱ ርስት ቈጥሮ በተመኘው ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚያው አጥር አጠገብ ባጃጅ የሚነዳ፥ በአሞራ ገደል ዓሣ የሚነግድ፥ በመናኸሪያ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ወጣት፥ ግቢውን በየቀኑ እያየ አንድ ጊዜ እንኳ «ይህ ለእኔ ነው» ሳይል ሊያድግ ይችላል፤ ምክንያቱም ከባልንጀሮቹ መካከል ወደዚያ የገባ አንድም አያውቅም።

እኛ ታላላቆች የልጅን ውሳኔ አንድ ቀን ተቈርጦለት፥ በምክርና በጸሎት ተከብቦ የሚፈጸም አድርገን እናስበዋለን። የወጣት ውሳኔ ግን ውሳኔ መሆኑ ሳይታወቅ ጥቂት በጥቂት ይፈጸማል። በ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንት ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፥ ደወል ሲደወል ከማን ጋር እንደ ወጣ፥ ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ሲፎርፉ አብሮ መፎረፉን ወይም ብቻውን በክፍል መቅረቱን ማንም በመዝገብ አያሰፍረውም። በ11ኛ ክፍል ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መምረጥ ይመጣል። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶው 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ባለ ጊዜ፥ ዓላማው አገር መሐንዲስና ሐኪም እንድታገኝ ነበር፤ በተማሪዎች ዘንድ ግን ሥርዓቱ ሌላ ትርጓሜ አገኘ፤ «ናቹራል» መግባት የጎበዝ፥ «ሶሻል» መግባት የደካማ ምልክት ሆኖ ተቈጠረ። ታሪክንና ቋንቋን አጥብቆ የሚወድ ልጅ፥ ጓደኞቹ ሁሉ ወደ ፊዚክስ ሲያመሩ ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ እንዳይመስል አብሮአቸው ይገባና፥ ከሁለት ዓመት በኋላ በማይወደው ትምህርት ተፈትኖ ሲወድቅ፥ ውድቀቱ የተጀመረበት ቀን ያ እንደ ነበረ ራሱም አያስተውለውም።

ከዚያም የ12ኛ ክፍሉ ፎርም አለ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ስም ተዘርዝሮ «በቅደም ተከተል ምረጡ» ሲባል፥ የሚማሩበት ከተማ የአየሩ ጠባይ፥ የሚወዱት ሙያ በዚያ ግቢ መኖሩ፥ ከቤት ያለው ርቀት መመርመር ይገባ ነበር። በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ የሚሰማው ንግግር ግን አጭር ነው።

«አንተ ምን ሞላህ?»

«ጅማ አንደኛ፥ ከዚያ አርባ ምንጭ።»

«በቃ፥ እኔም እንደዚያው እሞላለሁ።»

ይህን ስጽፍ በልጆቹ ለመሳለቅ አይደለም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ወደማያውቀው አገር፥ ምናልባትም ቋንቋውን ወደማይሰማው ሕዝብ ሲሄድ፥ አንድ የሚያውቀው ፊት ይዞ መሄድ መፈለጉ ተፈጥሮአዊ ነው፤ አባቶቻችንም ለመንገድ ጓድ ይፈልጉ ነበር።

ስለ እኩያ ጉዳት የተነገረው ተረትና ምክር እጅግ ብዙ ነው። መጽሐፈ ምሳሌና መጽሐፈ ሲራክ ባልንጀራን ስለ መምረጥ ደጋግመው ይመክራሉ፤ የአገራችን ሰውም ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደ መጣች ይተርታል፤ ተረቱን ጨርሶ ለመጻፍ ጨዋነት ባይፈቅድም አንባቢ ያውቀዋል። ወላጆች ይህን ይዘው «ልጄ፥ ከእነዚያ ጋር አትዋል» ይላሉ፤ መጥፎ ጓደኛ ማለትም አፉን ከፍቶ «ትምህርት ይቅርብህ» የሚል መስሎአቸው ያን ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ግን እንዲህ የሚል ጓደኛ እምብዛም የለም ብዬ አስባለሁ። ጓደኛ የሚገዛው በምክር ብዛት አይደለም፤ በሚስቅበትና በሚያደንቀው ነገር ነው። በአንድ የልጆች ማኅበር ውስጥ ምን ነውር እንደ ሆነና ምን ክብር እንደ ሆነ ሳይጻፍ የታወቀ ሕግ አለ፤ ልጁም ከአባቱ ቃልና ከመምህሩ ተግሣጽ ይልቅ ይህን ሕግ ይፈራል።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ አገር፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ የተደረገ አንድ ምርመራ ጥሩ ምስክር ይሆነናል። ሊዮናርዶ ቡርስዚንና ሮበርት ጄንሰን የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጅ ትምህርት ያለ ክፍያ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸውና፥ የሚፈልግ እንዲፈርም ወረቀት ታደለ። ወረቀቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ሲሆን ልዩነቱ በአንድ ሐረግ ብቻ ነበር፤ ለግማሾቹ ውሳኔያቸው ከክፍል ጓደኞቻቸው እንደሚሰወር ሲነገር፥ ለሌሎቹ የክፍል ጓደኞቻቸው ሊያውቁት እንደሚችሉ የሚያመለክት ነበር። በተራው ክፍል ከነበሩት ተማሪዎች መካከል፥ በስውር ከተጠየቁት ከመቶው 72ቱ ሲፈርሙ፥ ጓደኛ ያየናል ብለው ካሰቡት የፈረሙት 61 ብቻ ሆኑ። ይልቁንም የሚደንቀው፥ አንዳንዱን ትምህርት ከላቁት ተማሪዎች ጋር፥ ሌላውንም ከተራው ክፍል ጋር የሚማሩት ልጆች ሁኔታ ነው፤ ወረቀቱ በላቁት መካከል ሲደርሳቸው መታየት ይበልጥ እንዲፈርሙ ሲያበረታቸው፥ በተራዎቹ መካከል ሲደርሳቸው ግን መታየት አስፈራቸው። ልጁ ያው ነው፤ ጥቅሙም ያው ነው፤ የተለወጠው በአጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ዓይን ብቻ ነው።

ጄምስ ኮልማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀድሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በኢሊኖይ ግዛት አሥር ትምህርት ቤቶች መርምሮ ልጆቹ ከሊቅነት ይልቅ በስፖርት ጀግንነትና በተወዳጅነት መታወስን እንደሚሹ አስረድቶ ነበር። በእኛ ዘንድስ? በሐዋሳ ክፍሎች ውስጥ «ቀለሜ» የሚለው ስም እንደ ተናጋሪው ድምፅ አንድ ጊዜ ሽልማት፥ አንድ ጊዜ ስድብ ይሆናል። እጁን አውጥቶ መመለስ የሚችል ልጅ ከኋላ የሚሰማውን ሳቅ ፈርቶ ዝም ይላል፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣች ልጃገረድ ከጓደኞችዋ ጋር ስትሄድ ካርድዋን በደብተርዋ መካከል ትሸሽጋለች። ይህ ዝምታና ይህ መሸሸግ አራት ዓመት ሲደጋገም፥ የተሸሸገው ነገር በእውነት እየጠፋ ይሄዳል።

የአገራችን የጓደኝነት ሕግ በምን ያህል ጽናት እንደሚገዛ የታየው ግን በፈተና ጊዜ ነው። ለጓደኛው መልስ ያላሳየ ተማሪ ራስ ወዳድና ከሃዲ ተብሎ ሲቈጠር፥ ያሳየው ደግሞ ቸርና ታማኝ ይባል ነበር፤ ስለዚህ ኩረጃ በልጆቹ ኅሊና ውስጥ ስርቆት መሆኑ ቀርቶ የወዳጅነት ዕዳ መክፈያ ሆነ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ እስከ መሰረዝ ደረሰ። በመጨረሻም የትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አካባቢ ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ፥ ስልክ ሳይዙ፥ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያሳደረ ፈተናቸው። ይህ እንግዲህ በሌላ አነጋገር ጓደኛን ከፈተናው አዳራሽ ማስወጣት ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ ሦስት ጥቂት ፈቅ ያለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 ብቻ አለፉ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ድርሻ ከመቶ ስምንት አልፎአል።

ስለዚህ ቍጥር የትምህርት ጥራት መውደቁን ያልተናገረ የለም፤ እኔም አልክድም። ለያዝነው ነገር ግን ሌላ ትርጕም አለው። አንድም ሰው ባላለፈበት ትምህርት ቤት የሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ፥ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ያለፈ፥ በመንገድ የሚያገኘው፥ «እንዴት አደረግኸው?» ብሎ የሚጠይቀው አንድም ታላቅ የለውም። «ማን አለፈና?» የሚለው ቃል የሰነፍ ማመካኛ ይመስላል፤ በዚያ ሰፈር ግን ያየውን የሚመሰክር ሰው ቃል ነው። መውደቅ የሁሉ ዕጣ ሲሆን ነውርነቱ ይቀራል፤ ነውርነቱ ሲቀር ደግሞ ማጥናቱ ከባልንጀሮች መለየት ይሆናል።

መንግሥት የእኩያን ኃይል አላወቀም ልንል አንችልም። በ2000ዎቹ ዓመታት በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ተዘርግቶ፥ አንዱ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን እንዲመራ፥ ስማቸውም በየክፍሉ ግድግዳ እንዲለጠፍ ተደርጎ ነበር። አሳቡ ከመሠረቱ የተሳሳተ አልነበረም፤ ልጅ ከልጅ እንደሚማር የተረዳ ሰው ያወጣው ነው። ነገር ግን ወዳጅነት በስም ዝርዝር አይታዘዝም፤ ሪፖርት የሚጻፍበት ጓደኝነትም ብዙ ጊዜ ሪፖርቱን ሞልቶ ያበቃል። ልጆቹ በታዘዘው ቡድን ተቀምጠው ደወል ሲደወል ወደ መረጡት ቡድን ይሄዱ ነበር።

ልጅ ራሱ በመረጠው ጓደኛ ወደ ትምህርት እንደሚሳብ ለማስረዳት፥ ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለግ ወደ ጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መመልከት ይሻላል። የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው በአባቱ ምርቃት አልነበረም። አባቱ ከብት የሚጠብቅለትና እርሻ የሚያግዘው ልጅ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን ከአንድ ባልንጀራው ጋር በስውር ተማክሮ፥ አንድ ሌሊት ለምዱን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ስሙን ብቻ ወደሚያውቀው የቅኔ መምህር ደጅ ይጠፋ ነበር። በዚያም አብረው ይለምናሉ፥ አብረው ከውሻ ይሸሻሉ፥ ከአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ቀለሙ ቶሎ የገባው ያልገባውን ያስጠናል፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ታናሹን ያስተምራል፤ የአንዱ ቅኔ ሲደነቅ የሌላው ልብ ይቀናል። እንግዲህ ዛሬ ልጆቻችንን ከትምህርት ያወጣብናል ብለን የምንፈራው ጓደኛ፥ በዚያ ዘመን ልጅን ከአባቱ እጅ ነጥቆ ወደ ትምህርት የሚያስገባ ሌባ ነበር። የተለወጠው የጓደኛ ኃይል አይደለም፤ በልጆቹ መካከል የሚከበረው ነገር ነው፤ ቅኔ የሚቈጥር ልጅ በእረኞች ዘንድ እንኳ ስም ነበረው።

ልጅን የሚሠራው የሚማርበት ከተማ ሳይሆን የሚውልበት ባልንጀራ መሆኑ ጥንትም ታይቷል። በአራተኛው ምዕት ዓመት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ባስልዮስና ጎርጎርዮስ በአቴና አብረው ሲማሩ፥ የሚያውቁት መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን ቤት የሚወስደውን ብቻ እንደ ነበረ ጎርጎርዮስ ራሱ ጽፎአል። በዚያው ጊዜ በዚያችው ከተማ ይማር የነበረ ሌላ ወጣት ዑልያኖስ ይባላል፤ እርሱም ኋላ ንጉሥ ሆኖ ሃይማኖቱን የካደው ነው።

ወደ ሐዋሳ እንመለስ። ከተማይቱ ለወጣት የምታሳየው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን፥ አብዛኞቹንም ከሲዳማ ገጠርና ከጎረቤት ዞኖች የመጡ ልጃገረዶችን ሰብስቦ ነበር። አንዲት ልጅ ሥራ ከገባች በኋላ ለበዓል ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ፥ አዲስ ጫማዋና ስልክዋ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይናገራል፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት ጓደኞችዋ ተከትለዋት ይመጣሉ፥ አንድ ክፍልም ተጋርተው ይከራያሉ። በ2011 ዓ.ም. መነሻ ደመወዙ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል መሆኑን፥ የክፍል ኪራዩና የምግቡ ዋጋ ከዚያ ላይ ሲነሣ ምን እንደሚቀር ጫማው አይናገርም። አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስትከለክልና አንዳንድ ፋብሪካም ጥሎ ሲወጣ፥ ትምህርታቸውን አቋርጠው ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ አብረው እንደ መጡ አብረው መንገድ ላይ ቀሩ።

ሌላውም መንገድ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሆሳዕናና ከአካባቢው የተነሣው ስደት በወንድምና በጓደኛ ጥሪ የቆመ መሆኑን ያልሰማ የለም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ጎዳናም በሐዋሳ መካከል ያልፋል። በጆሃንስበርግ ሱቅ የከፈተ የክፍል ጓደኛ ፎቶግራፉን ሲልክ፥ በመንገድ ዱር የቀረው ጓደኛ ግን ፎቶግራፍ አይልክም። የእኩያ ምስክርነት ትልቁ ጕድለት ይህ ይመስለኛል፤ የሚመሰክሩት የተሳካላቸው ብቻ ናቸው።

የዩኒቨርሲቲውም ነገር እንደዚሁ ነው። ሥራ ፈትቶ በሐይቁ ዳር፥ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ስፍራ የሚውል ባለ ዲግሪ፥ ከሥር ላሉት ልጆች ከመቶ ስብከት የበረታ ትምህርት ይሰጣል፤ «ተምሮስ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ እርሱ ነውና። በአንጻሩ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመቱን ፈጽሞ ለዕረፍት የመጣ «ፍሬሽ» ተማሪ፥ በሰፈሩ ልጆች መካከል ተቀምጦ ስለ ካፌው ምግብ እየቀለደ፥ ስለ ሌሊት ጥናት እያጋነነ፥ ከሌላ ክልል ስለ መጡ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ሲያወራ፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያደርገውን ሥራ የወላጅ ስብሰባ በዓመት አያደርገውም። ከሚያዳምጡት አንዱ በልቡ «ይህ እኮ እኔ የማስጠናው ሰው ነበር» ይላል። ትምህርት ቤቶች ከተለመደው ባለሥልጣን እንግዳ ይልቅ፥ ከራሳቸው ዴስክ ተነሥተው የገቡትን ልጆች በዕረፍት ጊዜ ጠርተው ቢያናግሩአቸው፥ ወጪው የሻይ ዋጋ ብቻ በሆነ ነበር። በማጠናከሪያ መርሐ ግብር፥ ልጆቹ «ሪሚዲያል» በሚሉት፥ ወድቀው ገብተው ያለፉትም ቢመጡ እወዳለሁ፤ ከእነርሱ የሚሰማው ከአንደኛው ተማሪ አይሰማምና።

ወላጅም ቢሆን ልጁን ከጓደኞቹ ከመንጠቅ ጓደኞቹን ወደ ቤቱ ቢጠራ ይሻለዋል። ሦስት ልጆች በአንድ ሳሎን ሲያጠኑ ቡና ያፈላች እናት፥ የልጅዋን ማኅበር ሕግ ሳይታወቃት ለውጣዋለች፤ በዚያ ቤት ደብተር መግለጥ ነውር አይደለምና።

የሚያስቀው ነገር፥ በበረንዳው ላይ ተማክረው አንድ ዓይነት ፎርም የሞሉት ጓደኛሞች ብዙ ጊዜ አብረው አለመመደባቸው ነው። ውጤትና ኮታ ይለያቸውና አንዱ ጅማ፥ ሌላው ደብረ ብርሃን፥ ሦስተኛውም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። በአዲሱም ግቢ ልጁ መኝታ ክፍሉን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በስሙ ፊደል ተራ ነው፤ አበበ ከአበራ፥ ተስፋዬ ከተሾመ ጋር ይደለደላል። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2001፥ በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ እንዲሁ በዕጣ አንድ ክፍል የደረሳቸውን ተማሪዎች መርምሮ፥ የክፍል ጓደኛው ትጋት በተማሪው የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ላይ እንደሚታይ፥ የትኛውን ማኅበር እንደሚቀላቀልም እንደሚያዘነብለው ደርሶበታል፤ የትምህርት ዘርፍ ምርጫውን ግን አልነካውም። የእኛው ተስፋዬም በመጀመሪያው ሳምንት ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ሲያስገባ፥ ከላይኛው አልጋ የተኛው ተሾመ ማታ ወደ ላይብረሪ የሚወጣ ይሁን ወይም ወደ ከተማ፥ ገና አላወቀም።